የማይነሳው ማሽንና የእናቴ ሰዓት

ከጋፋት የወጣሁት ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ላሞቹ ገብተው እናቴ አልባ ሳትጨርስ ነው። ምሽቱ ከሌላው ምሽት የተለየ እንዳይመስል ተማክረን ስለነበር ማንም እስከ በር እንኳ አልሸኘኝም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰድሁ ወዲህ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ሁለት ጊዜ ስሜን ጠርቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ «እስቴ አጎቱ ዘንድ ነው» ተብሎ ስለነበር፣ ሦስተኛው ጥሪ አፈሳ እንደሚሆን ሁላችንም አውቀነዋል። ከእኔ በፊት ከመንደራችን ከተወሰዱት ልጆች አንድም ቃል አልመጣም። እናቴ የወተቱን ዕቃ መሬት አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ የሟች አባቴን የእጅ ሰዓት ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ።

«ይህን እንዳትነካካው» አለችኝ። «የኔን ፀሐይ የያዘ ነው። የትም አገር ብትሆን እሱን አይተህ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ታውቃለህ።»

እሺ አልኋት። በየጧቱ እሞላዋለሁ እንጂ እስከ ዛሬ አንድም ቀን እጁን አላዞርሁትም። አሥራ ሁለት ሲል ታልባለች፤ ሦስት ሲል ከብቶቹ ተሰማርተው ውሃ ወርዳለች፤ ዘጠኝ ሲል ከደጅ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ለእናንተ ለአገር ቤት ሰዎችና እንደ እኔ ወጥታችሁ ለቀራችሁ ስለዚህ ሰዓት አስቀድሜ መናገሬ በኋላ ነገሩ ሁሉ ወደ እሱ ስለሚመለስ ነው። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ፤ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

ከደብረ ታቦር ያወጡኝ ሐጂ እንድሪስ ናቸው። ገበያው ዳር ጨው፣ ሳሙናና አቡጀዲ የሚሸጡ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። በጭነት መኪናቸው ላይ ከጆንያ መካከል አስቀምጠው «ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ከማል ነው፣ የወንድሜ ልጅ ነህ» አሉኝ። ወረታ ኬላ ላይ ጠባቂው የይለፍ ወረቀቱን ገለባብጦ አየና አየኝ። እስላም ከሆንሁ እንዴት እንደሚሰገድ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ሐጂ ግን ሳይደነግጡ፣ «ይህ ሰነፍ ያውቅበታል ብለህ ነው? እኔም እሱን ስለምነው ነው የከረምሁት» አሉት። ጠባቂው ሳቀ፤ የራሱንም ልጅ ስንፍና አንስቶ ከሐጂ ጋር ትንሽ ተማረረና እንጨቱን አነሳልን።

ከጎንደር በሸሕዲ አድርጎ እስከ መተማ፣ ከዚያ እስከ ገዳሪፍ ያለውን መንገድ አልተርክላችሁም፤ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያልሄዳችሁበትም ባታውቁት ይሻላል። ካርቱም ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት ብርጭቆ ሳጥብ ቆየሁ። የስደተኞች ቢሮ በር ላይ ደጅ ስጠና ከርሜ አንድ ቀን ስሜ ተጠራና ወደ ስዊድን፣ ያውም ወደ ሰሜኑ ጫፍ፣ ተላክሁ።

የጉና ነፋስ ያሳደገኝ ሰው ብርድ አያውቀኝም ብዬ የሰጡኝን ካፖርት በክንዴ ይዤ ከአውሮፕላን ወረድሁ። ደረጃውን ሳልጨርስ ጣቶቼ ካፖርቱን መልበስ አቃታቸው። የጉና ብርድ ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል፤ የዚህ አገር ብርድ ግን ፀሐይዋንም ይዟት ይሄዳል። ደግሞ የሚያጽናና ነገር አለ፤ ቱንብሬድ የሚሉት ስስ የገብስ ቂጣ አላቸው። መጀመሪያ ስቀምሰው የፋርጣ ገብስ መስሎኝ ዞር ብዬ ማን እንደጋገረው ፈለግሁ።

ሌላው ያጽናናኝ አዎ አባባላቸው ነው። የሰሜኑ ሰዎች አዎ ሲሉ ቃል አያወጡም፤ እኛ እንደምናደርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። የቤት አከራዬ አስትሪድ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት፣ ክፍሉን መከራየት እችል እንደሆነ ስጠይቃቸው ትንፋሻቸውን ሳብ ሲያደርጉ እንባዬ መጣ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ለትልቅ ሰው አንቱ ማለት ግድ ነው ብዬ መዝገበ ቃላት ፈልጌ «ኒ» የሚል ቃል አገኘሁና በዚያ ሳናግራቸው ሰነበትሁ። አንድ ጧት ድስቱን አስቀምጠው ምን እንደበደሉኝ ጠየቁኝ። ለካ በዚህ አገር አንቱ ማለት ሰውን ማራቅ፣ እንደ ባዳ ማየት ነው፤ ንጉሡ ካልሆነ በቀር ሁሉም አንተና አንቺ ነው። ከዚያ ወዲህ በአፌ አንቺ፣ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ።

በፖሊስ ጣቢያ የውጭ አገር ሰዎች ክፍል የነበረው መኮንን ግን የደቡብ ሰው ነበርና ትንፋሼን አያውቅም። የመኖሪያ ፈቃዱ «ኡፐሆልስቲልስቶንድ» ይባላል፤ ቃሉን ጠርተው ሳይጨርሱ ጊዜው የሚያልፍ ይመስላል። የእኔው ለጊዜው የተሰጠ ሆኖ ሊያልቅ ሲል ጠራኝ።

«ከኢትዮጵያ ስትወጣ ፓስፖርትህ ላይ ማን ማህተም መታ?»

«ማንም። ፓስፖርት አልነበረኝም።»

«ታዲያ እንዴት ወጣህ?»

«በእግሬ።»

ጻፈው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ስለዚህ በወረቀት ከሄድን ገና አልወጣህም።»

«አልወጣሁም» አልሁት፣ ሰው ያለውን መቃወም ስለማይሆንልኝ።

«ካልወጣህ ደግሞ እዚህ ልትኖር አትችልም። ገባህ?»

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብሁ። ብዕሩን አስቀምጦ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝና ውሃ አመጣልኝ። ውሃውን እየጠጣሁ ነው የሚቀጥለውን የነገረኝ። ሰኞ ጧት በምማርበት ትምህርት ቤት የማሽን ክፍል አለቃዬ ዘንድ ደውሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ ያለዚህ ልጅ ሥራህ ይቆማል ወይስ አይቆምም? ይቆማል ከተባለ እቀራለሁ። አይቆምም ከተባለ ወደ መጣሁበት፣ ማለት ወደ ካርቱም፣ እመለሳለሁ። ከካርቱም በኋላ ደግሞ ማን ወዴት እንደሚወስደኝ እናንተም እኔም እናውቃለን።

ያን ጊዜ በኮምፒዩተር ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርሁ፤ ከክፍል ውጭ የትምህርት ቤቱን ትልቁን ማሽን በመጠበቅ እረዳለሁ። ማሽኑ ቁም ሳጥን ያህላል፤ ተማሪው ሁሉ፣ አስተማሪው ሁሉ በየክፍሉ ካለ ስክሪን በሽቦ ተገናኝቶ በእሱ ይሠራል። አለቃዬ ስቴን ጢሙ የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የመኮንኑን ጥያቄ ስነግረው ጢሙን አሻሸ። እንዲህ ነው የተዋዋልነው፦ በሚመጣው ሰኞ የተማሪዎች ምዝገባ በማሽኑ ይካሄዳል፤ ከዚያ በፊት አዲስ ዲስክ ይገባል፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም በአዲስ ይተካል። እሱ ግን አርብ ቀትር ላይ ለአደን ጫካ ይገባል። በመስከረም ወር የዚህ አገር ወንድ ሁሉ ኤልይ የሚሉትን፣ በሬ የሚያህል የጫካ እንስሳ ለማደን ሥራውን ጥሎ ይጠፋል፤ የኮምፒዩተር አለቃ ሆኖ ጠብመንጃ ተሸክሞ ሲሄድ ሳይ የሊቦ ባላገር መሰለኝ። ጫካ ውስጥ ስልክ የለም። «ሰኞ ስመለስ ማሽኑ ተነስቶ ካገኘሁት» አለኝ፣ «ያለአንተ አደን መሄድ እንደማልችል እነግረዋለሁ። ተኝቶ ካገኘሁት ግን የምለው የለኝም። ውሸት አልችልበትም።»

እሺ አልሁ።

የሆነውን እንድትረዱልኝ ስለ ማሽኑ ጥቂት ልበል። ኮምፒዩተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ከርነል ይሉታል። ዲስኩን የሚያውቀው፣ ማን ምን ይሥራ የሚለው እሱ ነው፤ እሱ ካልነሳ የቀረው ሁሉ ብረት ነው። ከርነል የሚሠራው ከብዙ ክፍሎች ነው። እያንዳንዱ ክፍል በሰው እጅ የተጻፈ ጽሑፍ አለው፤ ጽሑፉ ወደ ማሽን ቋንቋ ይተረጎማል፤ የተተረጎሙት ክፍሎች ተሰፍተው አንድ ከርነል ይወጣቸዋል። ስቴን አርብ ረፋዱ ላይ ክፍሎቹን አስተርጉሞ ሄደ። ለእኔ የቀረኝ ማሽኑን አጥፍቶ የአዲሱን ዲስክ ሽቦ መሰካት፣ መልሶ ማብራት፣ ስለ አዲሱ ዲስክ የሚናገረውን ክፍል ጽሑፍ ማስተካከልና ከርነሉን ማሰፋት ነበር።

ሁሉንም እንደታዘዝሁት አደረግሁ። ማሽኑን ሳበራ እንደ ልማዱ ቀኑንና ሰዓቱን ጠየቀኝ። ይህ ማሽን ሲጠፋ ሰዓቱን ይረሳል፤ ሲነሳ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ይጠይቅና የነገሩትን ያምናል። ነገርሁት። ጽሑፉን አስተካከልሁ፤ ከርነሉ ተሰፋ። ወዲያው ማሽኑ እስከዚያ ይነሳበት የነበረውን አሮጌ ዲስክ የሚወስዱት ሠራተኞች ከቀጠሯቸው ቀድመው መጡና ጋሪያቸውን በሩ ላይ አቁመው፣ ከጨረስህ እንውሰደው አሉኝ። አዲሱን ገና አልሞከርሁትም ነበር፤ አልነሳ ካለ የምመለሰው በአሮጌው ነበር። ሰዎቹን ማስቆም ነውር መሰለኝና እሺ አልሁ። ገፍተው ወሰዱት።

ከዚያ አዲሱን ከርነል አስነሳሁ። ማሽኑ የሚናገረው በወረቀት ነው፤ እንደ ጽሕፈት መኪና እየተንጣጣ ያትማል። ስሙን አተመ፤ የተሰፋበትን ቀንና ሰዓት አተመ፣ 9፡10 ይላል፤ የማስታወሻውን፣ ማለት የትውስታ አቅሙን፣ ልክ አተመ። ቀጥሎ ዲስኬን አላገኘሁትም አለ። ከዚያ «ፓኒክ» ብሎ ጽፎ ዝም አለ። ይህ ቃል በእነሱ ቋንቋ ድንጋጤ ማለት ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መደንገጡን ጽፎ የሚሰጥ ነገር ያን ቀን አየሁ።

አጥፍቼ አበራሁ። ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ድንጋጤውን ጻፈ። ሽቦውን ነቅዬ ሰካሁ፤ ያው ነው። ከአዲሱ ሲስተም ጋር የመጣ የማዳኛ ቴፕ ነበር፤ በእሱ ሲነሳ ማሽኑ እንደ ሕፃን ጥቂት ነገር ብቻ ያውቃል፣ ሌላውን ሰው አያስተናግድም፣ ዲስኩን ግን ከፍቼ ማየት እችላለሁ። ዲስኩ ደህና ነው። የጻፍሁትን ጽሑፍ ፊደል በፊደል እያነበብሁ ከመመሪያው ጋር አስተያየሁት፤ አንድ ነጥብ አልተሳሳትሁም። እንደገና ይሰፋ ብዬ አዘዝሁ። ክፍሎቹን የሚሰፋው ፕሮግራም «ሁሉም የተሟላ ነው፣ የምሠራው የለም» ብሎ መለሰልኝ። ሙገሳ መሰለኝ። በግድ ከርነሉን አጥፍቼ አሰፋሁትና አስነሳሁት። ፓኒክ።

ምሽቱ ሲቃረብ ዘበኛው ሕንፃውን ሊዘጋ መጣ። የታተመውን ወረቀት ቀድጄ፣ ጠቅልዬ፣ በብስክሌቴ ወደ አስትሪድ ቤት ሄድሁ። አስትሪድ ቂጣና ዓሣ አቅርበው ምን እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ማሽኑ አልነሳ አለኝ አልኋቸው። ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼ አስተካከልሁት። ልብሴ ጥቂት ነው፤ አጣጥፌ ስጨርስ ሌላ የማጣጥፈው ባገኝ እያልሁ ቆምሁ። አውቶቡሱ፣ አውሮፕላኑ፣ የካርቱም ሙቀት፣ የዚያ ሻይ ቤት ብርጭቆ ታየኝ። ከዚያም ወዲያ ያለውን አላሰብሁም፤ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ነገር እስከ ጫፉ አያስበውም።

በማግስቱ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር የምነጋገርበት ቀን ነበር። ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች፤ ጨው የምትገዛ መስላ ከሐጂ እንድሪስ ሱቅ ትገባለች። ሱቁ ስልክ አለው። እኔ የሐጂ የወንድም ልጅ ከማል ነኝ፣ ውጭ አገር የምሠራ፤ እሷ ልጁን ከሕፃንነቱ የምታውቅ ደንበኛ ነች። በየመሥመሩ ማን እንደሚያዳምጥ ስለማይታወቅ ከዚያች ከወጣሁባት ምሽት ወዲህ ስሜን አልጠራችውም። ጥሪውን ለስልክ ቤቷ ሴት አስቀድሜ አዝዣለሁ፤ በአስትሪድ ማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ ባለው ስልክ ነው የምጠብቀው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ በአንድ ዓይኔ ፓኒክ የሚለውን ቃል እያየሁ ተቀመጥሁ። ስልኩ ጠራ።

«ከማል» አሉ ሐጂ። «ደህና ነህ? እዚህ ደህና ነን። ዝናቡ ወጣ። እመት ብርቄ መጥተዋል፣ ጨው ተወደደ ብለው ሲጨቀጭቁኝ ነው፤ ሰላም ልበለው ካሉ ምን አደርጋለሁ።»

የእናቴ ድምፅ መጣ። «ከማል ልጄ፣ እንዴት ነህ? ብርዱ?»

«ደህና ነኝ። ብርዱ ገና ነው።»

«ትበላለህ?»

«እበላለሁ። የገብስ ቂጣ አላቸው።»

«እንግዲያ ሰው ናቸው» አለች። ቀጥላ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ፤ የአባቴ ሰዓት መሄዱን ማረጋገጫዋ ነው። «አሁን ስንት ሰዓት ነው እዚያ?»

እጄን አየሁ። «እንዳንቺው ነው። አራት ሰዓት።» የአስትሪድ የግድግዳ ሰዓት ከፊቴ ነበርና ላስቃት ብዬ ጨመርሁላት፤ «እነሱ ግን ዘጠኝ ነው ይላሉ።»

ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። «ምሳ ሳይበላ ዘጠኝ? እንግዲያ እኔ ጥጥ ይዤ ደጅ የምቀመጥበትን ዘጠኝን ምን ሊሉት ነው?»

ይህ ቀላል ጥያቄ ነበር። እነሱ ከቀትር በኋላ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት እያሉ ይቆጥራሉ፤ እናቴ ዘጠኝ በምትልበት ጊዜ እዚህ አሥራ አራት ይባላል። «አሥራ አራት» ልላት አፌን ከፈትሁ። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ከርነሉ የተሰፋበት ሰዓት 9፡10 ይላል።

ከርነሉን ያሰፋሁት ከቀትር በኋላ ነበር። ማሽኑ አሥራ አራት ማለት ነበረበት። ዘጠኝ ብሎኛል፤ አርብ እስኪመሽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ትክክል ስለነበር አንድም ጊዜ አላስደነገጠኝም። ለእኔ ትክክል ነበር። ጋፋት ላይ ዘጠኝ ሰዓት ነበራ። ማሽኑ ሲጠይቀኝ ጎንበስ ብዬ ያየሁት የእጄን ሰዓት ነው። በዚህ አገር ከእኔ ሰዓት ጋር የሚስማማ ነገር አንድ እንኳ አልነበረም፤ ያ ማሽን ግን ከአርብ ጀምሮ በእናቴ ፀሐይ ይሠራ ነበር።

ከዚያ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ መጣልኝ። የሚሰፋው ፕሮግራም አስተዋይ አይደለም፤ ሰዓት ብቻ ነው የሚያይ። ጽሑፉ ከትርጉሙ በኋላ የተነካ ከሆነ እንደገና ያስተረጉመዋል፤ ካልተነካ ይተወዋል። ስቴን ክፍሎቹን ያስተረጎመው ረፋዱ ላይ፣ በግድግዳው ሰዓት ከአሥር በኋላ ነው። እኔ ጽሑፉን ያስተካከልሁት ከእሱ በኋላ፣ ግን ማሽኑ ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ባመነበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በማሽኑ ዓይን ጽሑፌ ከትርጉሙ በፊት የተጻፈ አሮጌ ነው። ሁሉም የተሟላ ነው ብሎ ተወው። አዲሱ ከርነል ውስጥ የገባው አዲሱን ዲስክ ጭራሽ የማያውቀው ክፍል ነበር። በቴፑ እየተነሳ በጠየቀኝ ጊዜ ሁሉ ደግሞ እኔም ደጋግሜ እጄን እያየሁ ነው የመለስሁለት።

ወረቀቱን ጨብጬ ይህን ሳስብ ምን ያህል ጊዜ እንደሄደ አላውቅም። ጆሮዬ ላይ ድምፅ ነበር። እናቴ እየተናገረች ነበር፤ ድምፅዋም ሳቁ ጠፍቶ ዝቅ ብሎ ነበር። የሰማሁት ጫፉን ብቻ ነው።

«…ካንተ ሌላ የምጠይቀው የለኝም። እንግዲህ ምን ትላለህ?»

እባክሽ ድገሚልኝ ማለት ነበረብኝ። ግን መልስ ትጠብቅ ነበር፤ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ሱቅ ውስጥ ሰው አለ፤ ሐጂም ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

«እሺ» አልኋት።

«ተመስገን» አለች። «ልቤ አረፈ። እንግዲያ እንዳልኸው አደርጋለሁ።»

ምኑን እንዳልሁ ልጠይቅ ስል ሐጂ ገበያተኛ በዛብኝ አሉና መሥመሩ ተቋረጠ።

አስትሪድ የቡና ስኒያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። መጥፎ ወሬ ነው ወይ አሉኝ። አላውቅም አልኋቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ።

ማሽን ክፍሉ እንዴት እንደደረስሁ አላስታውስም። ማሽኑን በቴፑ አስነሳሁት። ሰዓት ጠየቀኝ። እጄን ከኋላዬ አድርጌ ግድግዳውን አየሁና የግድግዳውን ነገርሁት። ከዚያ ስቴን ያስተረጎማቸውን ክፍሎች አንድ ሳላስቀር አጠፋኋቸው። ከተሳሳትሁ የቀረችኝንም ነው የማጠፋት። ሁሉም ከጽሑፉ እንደገና ይተረጎም ብዬ አዘዝሁ። ማሽኑ እያንዳንዱን ክፍል በስሙ እየጠራ ሲያስተረጉም ቀኑ አለቀ። ያ የዲስኩ ክፍል ስሙ ሲታተም ከወንበሬ ተነስቼ በጣቴ ነካሁት፤ አርብ ቀን ስሙ ጭራሽ አልተጠራም ነበር፤ ይህንም ማየት ነበረብኝ።

ማምሻው ላይ አስነሳሁት። ስሙን አተመ። ሰዓቱን አተመ፣ የዚህን አገር። የማስታወሻውን ልክ አተመ። ቀጥሎ መንጣጣቱን አቆመ። እንደ አርብ ድንጋጤውን ሊጽፍ ነው ብዬ ፊቴን አዞርሁ። ዲስኩ ጉር ጉር ማለት ሲጀምር ሰማሁ፤ ከዚያ ማተሚያው ተንጣጣ። ስመለከት ስምህ ማን ነው ብሎ ይጠብቃል። ሲነሳ ማንኛውንም ሰው የሚጠይቀው ነው። ስሜን ጻፍሁለት፣ ትክክለኛውን።

ሰኞ ጧት ስቴን የጫካ ጭቃ በጫማው ይዞ ገባ። ተማሪዎች በየስክሪኑ ሲመዘገቡ አየ። አሮጌው ዲስክ ሳይሞከር ለምን እንደወጣ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ስለ ሰዓቱም ነገርሁት። እጄን ያዘና ሰዓቴን እያገላበጠ ረጅም ጊዜ አየው። ከእንግዲህ ወንበሩ ፊት ለፊት ሌላ የግድግዳ ሰዓት እንሰቅላለን አለ።

መኮንኑ ደወለ። የእሱ ድምፅ አይሰማኝም፤ ስቴን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ፊቱን ብቻ ነው የማየው። ጥያቄው ሲያልቅ ስቴን ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ። እንደገና ሳብ አደረገ፣ አሁን ጠንከር አድርጎ። ከዚያ ተቆጣ።

«አላመመኝም» አለ። «አዎ ማለቴ ነው። ይቆማል። እዚህ አዎ የምንለው እንዲህ ነው፤ አንተም እዚህ ከምትኖር ብትለምደው ጥሩ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ቀረሁ። አሁን ፈቃዱ በኪሴ ነው፤ ስሙንም ሳልሰናከል እጠራዋለሁ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጥሪ አዘዝሁ። እናቴን ምን እንዳልኋት ልጠይቃት ነው። ከእህቴ ጋር የተያያዘ ይሆን? ልጅቷን ለጋብቻ የጠየቃት ሰው መኖሩን ሰምቼ ነበር። በሬውን ልትሸጥ ይሆን? ከአባቴ የቀረው ያ አንድ በሬ ነው። ወይስ ሁልጊዜ ስታስበው የኖረችውን፣ መሬቱን ለአጎቴ ልጆች ትታ ቆብ ልትጭን ነው? ወይስ እኔን ለመፈለግ በሸሕዲ መንገድ ልትወጣ? ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ መልስ አለኝ። ላንዱ ፈጽሞ እሺ አልልም ነበር፤ ላንዱ ደግሞ እሺ ብቻ አልልም፣ እለምናት ነበር።

ቅዳሜ የሐጂ ሱቅ ስልክ ጠራ፣ የሚያነሳው የለም። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ከአገር የመጣ አንድ ልጅ በዚያ በኩል መንገዱ ተዘግቷል፣ ገበያውም እንደ ወትሮው አይቆምም አለኝ። ከዚህ በላይ አያውቅም። በደብረ ታቦር በኩል ያላችሁ ይህን ካነበባችሁና ሐጂን ካያችኋቸው፣ ከማል እሺ ያለውን ነገር ገና እንዳታደርጉት ብሏል በሏቸው፤ ይገባቸዋል።

በየቅዳሜው ሰዓቴ አራት ሲል አስትሪድ ማዕድ ቤቱን ለቀውልኝ ይወጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ የስልክ ቤቷ ሴት አዲስ ነበረች። ጥሪው ብዙ ከጠራ በኋላ ወደ መሥመሩ ገብታ፣ የሚያነሳ እንደሌለ ነግራ፣ መጥራቱን ይቀጥል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ይጥራ ልላት ፈለግሁ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብሁ። የዚሁ የሰሜኑ ልጅ ነበረች መሰል፣ ገባት። መሥመሩን ሳትዘጋ ተወችው፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ መጥራቱን ቀጠለ።